የነሐሴ እፍኝ ገብስና የያሬድ ወፎች

ነሐሴ ነፋስ መውጫ ላይ ቀልድ አያውቅም። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው የተቀመጠችው። ስሟ ራሱ ይናገራል፤ የነፋስ በር ናት። ጠዋት ጉሙ ይወርድና እስከ ረፋድ ድረስ የገዛ አጥርህን እንኳ አያሳይህም። ጎተራው ደግሞ በዚህ ወር ባዶ ነው። ያለፈው ዓመት እህል አልቋል፣ የዘንድሮው ገና አረንጓዴ ነው። ገበሬ ቤት ያደገ ሰው ይህን ወር የሚያስታውሰው በሆዱ ነው።

አያቴ ታዲያ ገብስ የሚበትኑት በዚሁ በማይሆን ወር ነበር።

ግቢያችን ውስጥ፣ ካቡ አጠገብ፣ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነበረች። አያቴ በየጠዋቱ ጋቢያቸውን ተከናንበው ይወጡና እፍኝ የማትሞላ ገብስ ድንጋዩ ላይ ያፈሳሉ። ከዚያ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብለው ዝም። መጀመሪያ ድንቢጦች ይመጣሉ። ቀጥለው ዋኖሶች። በመጨረሻ ሁሉንም የሚያባርር አንድ ግዙፍ ቁራ ይመጣና ድንጋዩ የእሱ ይሆናል።

እምዬ፣ ሴት አያቴን የምንጠራት እንደዚያ ነው፣ በዚህ ነገር ትበግን ነበር። የልጅ ልጆቿ በተቀቀለ ድንች እያደሩ ለአሞራ ገብስ መበተን ምን ዓይነት ጽድቅ እንደሆነ ትጠይቃቸዋለች። እሳቸው አይመልሱም። እኔ በሆዴ ከእሷ ጋር ነበርኩ። እውነቱን ለመናገር ዛሬም ቢሆን ጥያቄዋ ትክክል ነበር እላለሁ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ወንጭፍ ነበረችኝ። ወፍ ጥበቃ ማሳ ዳር የዋለ ልጅ እጁ አይስትም። አንድ ቀን ጠዋት ከካቡ ሥር ተደበቅኩና ቁራው ድንጋዩ ላይ እስኪያርፍ ጠበቅኩ። አረፈ። ወረወርኩ። ድንጋዬ ክንፉን አገኘችው። የጮኸው ጩኸት ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። እየተንገዳገደ ካቡን ተሻገረና ጉሙ ውስጥ ጠፋ።

ዞር ስል አያቴ ቆመዋል።

አለንጋ ጠበቅኩ። አለንጋ አልመጣም። ወንጭፌን ተቀበሉኝና ቤት ውስጥ ምሰሶው ላይ ሰቀሏት። ከዚያ ፍርዳቸውን ነገሩኝ። ከነገ ጀምሮ ነሐሴ እስኪያልቅ ድንጋዩ ላይ የሚፈሰው እፍኝ ከእኔ ቁርስ ይቀነሳል። የማፈሰውም እኔ ነኝ። አፍስሼም ቁጭ ብዬ አያለሁ። ለምን እንደሆነ እንድገነዘብ ደግሞ የአንድ ልጅ ታሪክ ነገሩኝ። የዚያ ልጅ ስም ያሬድ ነው።

ያሬድን ሁላችሁም በስም ታውቁታላችሁ። አዲስ አበባ ያለው የሙዚቃ ትምህርት ቤት የሚጠራው በእሱ ነው። ግን ሰውየው ማን ነበር? ለምንስ በየሥዕሉ ላይ ወፎች አብረውት ይሳላሉ?

በቤተ ክርስቲያን ትውፊት መሠረት ያሬድ የተወለደው አክሱም ውስጥ ሚያዝያ 5 ቀን 505 ዓ.ም. ነው። ገና ልጅ ሳለ አባቱ ሞተ። እናቱም ዘመዷ ለሆነው ለመምህር ጌዴዎን ሰጠችው። ጌዴዎን በአክሱም ጽዮን የሚያስተምር ትልቅ ሰው ነበር። ችግሩ ልጁ ላይ ነው። ትምህርት አልገባ አለው። ጓደኞቹ ዳዊቱን እያነበነቡ ሲያልፉት እሱ እዚያው ነው። መሳቂያ ሆነ። መምህሩም ገረፈው።

ልጁ አንድ ቀን በቃኝ አለና ጠፋ። ከአክሱም ወጥቶ ሄደ። ማይ ኪራሕ ከሚባለው ውኃ አጠገብ ሲደርስ ደከመውና ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀመጠ። እዚያ አንድ ትል አየ። ትሉ ዛፉን ይወጣል፣ መሃል ላይ ሲደርስ ይወድቃል። እንደገና ይወጣል፣ እንደገና ይወድቃል። ስድስት ጊዜ ወደቀ። በሰባተኛው ጫፍ ላይ ደረሰና የሚፈልገውን በላ። ያሬድ ይህን አይቶ ተነሣ፣ ወደ መምህሩ ተመለሰ፣ ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ በኋላ ትምህርቱ ተከፈተለት። ብሉይንም ሐዲስንም አወቀ፤ ዲያቆንም ሆነ።

ይህን ታሪክ ትምህርት ቤት ሰምታችሁታል። ፈተና የወደቀ ልጅ ባለበት ቤት ሁሉ ይነገራል። እኔም የ12ኛ ክፍል ፈተና ያሰብኩትን ውጤት ሳያመጣልኝ ሲቀር ሦስት የተለያዩ ሰዎች ነግረውኛል፣ ሦስቱም ተስፋ አትቁረጥ ለማለት። አያቴ ግን ያን ዕለት ጠዋት የነገሩኝ በሌላ በኩል ነው። መጀመሪያ ጥያቄ ጠየቁኝ። አንድ ትል ዛፍ ላይ ሰባት ጊዜ ለመውጣት ምን ያህል ጊዜ ይፈጅበታል?

አላውቅም አልኩ። እሳቸው ቆጠሩልኝ። ትል እኮ ፈረስ አይደለም። ግማሽ ቀን ሊሆን ይችላል። ያ ልጅ ጀርባው በአለንጋ ተልጦ፣ ሆዱ ባዶ ሆኖ፣ ግማሽ ቀን ቁጭ ብሎ አንድ ትል አየ ማለት ነው። ሌላ ልጅ ቢሆን ሁለተኛው ላይ በጣቱ ያስፈነጥረው ነበር። ወይም በወንጭፍ ይመታው ነበር ብለው ወደ እኔ ተመለከቱ። ያሬድን ያሬድ ያደረገው ማየቱ ነው አሉኝ። ትሉማ ለራሱ ምግብ እየፈለገ ነበር እንጂ ለማንም ምሳሌ ልሁን አላለም።

ይህን ነገር በልጅነቴ አልገባኝም። አሁን ግን በቀን ስንት መቶ ቪዲዮ በአውራ ጣቴ እያንሸራተትኩ እንደማሳልፍ ሳስብ ይገባኛል። እስቲ ራሳችሁን ጠይቁ፤ አንድን ሕያው ነገር ሳታነሡት፣ ሳትቀርጹት፣ ለግማሽ ሰዓት ያህል ዝም ብላችሁ ያያችሁት መቼ ነው?

ወፎቹ የሚመጡት ከትሉ በኋላ ነው። ገድሉ እንደሚለው ሦስት ወፎች ከኤደን ገነት ወደ ያሬድ ተላኩ፤ በሰው ቋንቋም አነጋገሩት። ወደ ሰማያዊቱ ኢየሩሳሌም ወሰዱት፤ በዚያም የሃያ አራቱን ካህናተ ሰማይ ዝማሬ ሰማ። ከዚያ ተመልሶ አክሱም ጽዮን ውስጥ ቆመና የሰማውን በከፍተኛ ድምፅ አዜመ። ያ የመጀመሪያው ዜማ አርያም ይባላል። ሕዝቡ፣ ካህናቱ፣ ንጉሡ ሳይቀሩ ድምፁን ሰምተው ተሰበሰቡ። እስከዚያ ድረስ በቤተ ክርስቲያኒቱ ጸሎቱ የሚደርሰው በንባብ፣ በለሆሳስ ነበር ይባላል። ከዚያ በኋላ ግን ግእዝ፣ ዕዝል እና አራራይ የሚባሉት ሦስቱ የዜማ ስልቶች መጡ። ግእዙ ጠጣርና ደረቅ፣ ዕዝሉ የተረጋጋ፣ አራራዩ የሚያሳዝን፣ ሆድ የሚያባባ ነው።

የሚገርመው ደግሞ ይህ ነው። በአውሮፓም የላቲኑ ቤተ ክርስቲያን ዜማ በስሙ የሚጠራው ጳጳሱ ጎርጎርዮስ በሥዕል ሲቀርብ ርግብ ጆሮው ላይ ሆና ዜማውን ስትነግረው ይታያል። ጎርጎርዮስ የሞተው በእነሱ አቆጣጠር በ604 ነው፤ ያሬድ ከእሱ ይቀድማል። ሁለት በጣም የተራራቁ አገሮች ዜማቸውን ከየት አገኛችሁት ሲባሉ ሁለቱም ወደ ወፍ ነው የጠቆሙት። ምስጢሩን ለሊቃውንቱ ልተወውና አንድ ነገር ብቻ ልበል። ወፍ ሰምቶ የማያውቅ ሕዝብ እንዲህ ብሎ አይተርክም።

ይህ ሁሉ አክሱም ነው፤ ነፋስ መውጫን ምን አገናኘው ትሉኝ ይሆናል። ጋይንትን የማያውቅ ነው ይህን የሚጠይቀው። ትውፊቱ እንደሚናገረው ያሬድ ከንጉሥ ገብረ መስቀልና ከአቡነ አረጋዊ ጋር ወደ እኛ አገር መጥቷል። ጋይንት ውስጥ ያለችው ዙር አምባ ያሬድ ዝማሬን የደረሰባት ቦታ ናት ይባላል። እስከ ዛሬም የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ እሷ ናት። የድጓ ማስመስከሪያ ደግሞ እዚያው ጋይንት ያለችው ቤተልሔም ናት። ማስመስከሪያ ማለት በዛሬ ቋንቋ መመረቂያ በሉት። ከትግራይም፣ ከጎጃምም፣ ከወሎም፣ ከሸዋም ድጓ የተማረ ሰው መምህር ለመሆን ቤተልሔም ሄዶ ይፈተናል። በግራኝ አህመድ ጦርነት መጻሕፍት ሲቃጠሉ ድጓው የተረፈው በቤተልሔም ነው የሚል ትውፊትም አለ። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉት ሊቃውንት ለዜማው ምልክት ሠሩለት። እንግዲህ በአንድ ወቅት በጆሮና በልብ ብቻ የነበረው ነገር በብራና ላይ ሰፈረ ማለት ነው።

አያቴ በወጣትነታቸው የቤተልሔም ተማሪ ነበሩ። ደበሎ ለብሰው፣ አኮፋዳ አንግተው፣ በየደጁ እየለመኑ ለጥቂት ዓመታት ድጓ ተምረዋል። ግን አልጨረሱም። አባታቸው ሲሞቱ መሬቱን የሚያርስ ስለጠፋ ወደ ቤት ተመለሱ። በሕይወታቸው ሙሉ ስለዚያ ነገር አንድም ቀን አማርረው አላየሁም። ነገር ግን ደብተራ ባለበት ቦታ ወደ ኋላ ነበር የሚቀመጡት። ትምህርት እንዳቋረጠ ሰው።

የቆሎ ተማሪ ሲባል ክፉው ወር ነሐሴ እንደሆነ ነግረውኛል። ገበሬው ራሱ ሲራብ ለማኝ ተማሪ ማን ይሰጠዋል? ውሻው ያባርርሃል፤ የቤቱ እመቤት በሩን ገርበብ አድርጋ የለንም ትልሃለች። እውነቷን ነው። የላትም። አንዳንዷ ግን የሌላትን ትሰጥሃለች። አያቴ አንዲት ሴት የሰጠቻቸውን አንዲት የተቀቀለች ድንች ሃምሳ ዓመት ሙሉ አልረሷትም።

የእፍኟ ገብስ ምስጢርም እዚህ ጋ ነው ያለው።

በያሬድ ስም የሚጠራው ድጓ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የዓመቱን ዙር ይከተላል። ክረምቱ ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ድረስ ነው፤ እሱም በየክፍሉ ይከፈላል። መጀመሪያ ስለ ዘርና ስለ ደመና ይዜማል። ቀጥሎ ስለ መብረቅና ነጎድጓድ፣ ስለ ባሕርና ወንዞች። ዝናቡ ሲጠና፣ ጎተራው ሲራቆት፣ ከነሐሴ ሁለተኛ ሳምንት እስከ ወሩ መጨረሻ ገደማ ያለው ክፍል ደግሞ ዕጓለ ቋዓት ይባላል። ግእዝ ነው። ዕጓል ማለት ልጅ ወይም ጫጩት፣ ቋዓት ማለት ቁራዎች። የቁራ ጫጩቶች ማለት ነው። ከእነሱ ጋር ደሰያት፣ ማለትም ደሴቶች፣ እና ዓይነ ኵሉ፣ ማለትም የሁሉ ዓይን፣ ይታሰባሉ። በባሕር የተከበበ፣ ከየትም እርዳታ የማያገኝ ደሴት። ምግብ ፈልጎ ወደ ላይ የሚያይ ዓይን ሁሉ።

ቆም ብላችሁ አስቡት። በዓመቱ ውስጥ ሰው ስለ ገዛ ሆዱ ብቻ በሚያስብባቸው ሳምንታት፣ የመጽሐፉ ሥርዓት ለአገሩ ሁሉ የሰጠው የማሰቢያ ርዕስ የቁራ ጫጩት ነው። እርግብ አይደለችም፤ ቆንጆ የምትዘፍን ወፍም አይደለችም። ማንም የማይወደው፣ ጥንብ የሚበላ፣ ድምፁ የሚያስጠላው ቁራ።

ሊቃውንቱ ሲተረጉሙት የቁራ ጫጩት ከእንቁላል ሲወጣ ጥቁር ስላልሆነ እናትና አባቱ የእኛ አይደለም ብለው ይተዉታል፤ እሱም ረኃቡ ሲጸናበት አፉን ይከፍታል፣ ፈጣሪ ትንኙንና ዝንቡን ወደ አፉ ይልክለታል ይላሉ። የወፍ አጥኚዎች ደግሞ የቁራ ጫጩት ራቁቱን እንደሚፈለፈልና ሁለቱም ወላጆች እየተመላለሱ እንደሚመግቡት ይናገራሉ። እኔ ሁለቱን ለማጣላት አልፈልግም። በሁለቱም ውስጥ ያለው አንድ ሥዕል ነው፤ ላባ የሌለው፣ ራሱን የማይችል ነገር፣ አፉን ከፍቶ። ደጃፍ ላይ አኮፋዳውን ይዞ የቆመ ተማሪም ያው ነው።

አያቴ ድጓውን አልጨረሱም። ከድጓው የቀረቻቸው ግን ይህች ገጽ ነበረች። በነሐሴ እሳቸው ቁራ የሆኑበትን ዘመን ስለሚያስታውሱ ለቁራ እፍኝ ያወጡ ነበር።

የእኛ አገር ቁራ ደግሞ ተራ ወፍ አይደለም። ደጋ ላይ የምናየው ያ ግዙፍ፣ መንቁሩ ወፍራምና ጎባጣ፣ ከማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለበት ቁራ በዓለም ላይ የሚገኘው በአፍሪካ ቀንድ ብቻ ነው። ከቁራ ዘመዶች ሁሉ በትልቅነት ከመጀመሪያዎቹ ተርታ ነው። ሰዎች እሱን ለማየት ከአውሮፓና ከአሜሪካ አውሮፕላን ተሳፍረው ይመጣሉ። እኔ በወንጭፍ መታሁት።

የያሬድን ነገር ልጨርስ። አንድ ቀን ንጉሥ ገብረ መስቀል የያሬድን ዜማ ቆሞ እየሰማ ሳለ ልቡ በጣም ተመሰጠ። የሚመረኮዝበት ጦር ያሬድ እግር ላይ አርፎ ወጋው። ደሙ ፈሰሰ። አዜሚውም አላወቀም፣ ሰሚውም አላወቀም። ዜማው ሲያልቅ ነው ያዩት። ንጉሡ ደንግጦ ጦሩን ነቀለና ለዚህ ደምህ ዋጋ የፈለግኸውን ጠይቀኝ አለው። ርስት ቢጠይቅ ያገኝ ነበር፤ ሹመት ቢጠይቅም ያገኝ ነበር። ያሬድ የጠየቀው እንዲያሰናብተው ነው። ንጉሡ አዘነ፤ ግን ቃል ሰጥቷልና ለቀቀው።

ያሬድም ወደ ሰሜን ተራሮች ሄደ። እዚያ በብርዱና በገደሉ መካከል፣ ጭላዳና ዋልያ ባለበት አገር፣ እያስተማረ ኖረ። ግንቦት 11 ቀን 571 ዓ.ም. እንደተሰወረ ይነገራል። ድጓ፣ ጾመ ድጓ፣ ዝማሬ፣ መዋሥዕትና ምዕራፍ የሚባሉት አምስቱ የዜማ መጻሕፍት በስሙ ቀሩ። ሕይወቱን ከዳር እስከ ዳር ስታዩት ከቤተ መንግሥቱ የቆየበት ጊዜ ይልቅ አንድ ዛፍ ሥር የተቀመጠበት ግማሽ ቀን ይበልጣል።

ወደ ድንጋዩዋ ልመለስ። ፍርዴን ፈጸምኩ። መጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት በእልህ። ቁርሴ ላይ የጎደለችውን እፍኝ እያሰብኩ ድንቢጦቹን እረግም ነበር። በአራተኛው ቀን ገደማ አንዷ ድንቢጥ አንድ እግሯ አጭር መሆኑን አየሁ። በስድስተኛው ቀን ዋኖሶቹ ሁልጊዜ ጥንድ ሆነው እንደሚመጡና አንዷ ስትበላ ሌላዋ እንደምትጠብቅ አየሁ። ከዚያ በኋላ እልሁ ጠፋ። ጠዋት ሳይቀሰቅሱኝ መነሣት ጀመርኩ።

ቁራው ሞቷል ብዬ ነበር። አልሞተም። በሁለተኛው ሳምንት መጣ፤ አንድ ክንፉ ትንሽ ዝቅ ብሏል። ግን እኔ ደጃፉ ላይ ካለሁ አይወርድም። ዛፉ ላይ ሆኖ ያየኛል። እኔ ገብቼ አያቴ ሲቀመጡ ይወርዳል። ወንጭፍ በእጄ እንደሌለ አሳየሁት፤ ፊቴን አዞርኩ፤ ጋቢ ተከናነብኩ። ምንም። ነሐሴ አለቀ፣ ጳጉሜ አለፈች፣ አንድም ቀን እኔ ባለሁበት አልወረደም። ካደግኩ በኋላ በአሜሪካ ሲያትል የተደረጉ ጥናቶችን አነበብኩ፤ እዚያ ያሉ ቁራዎች የጎዳቸውን ሰው ፊት ለዓመታት እንደማይረሱ ተረጋግጧል። እኔ ግን ያን ጊዜውኑ ተረጋግጦልኝ ነበር።

እምዬስ? በሚቀጥለው ዓመት ነገሩን በራሷ መንገድ ፈታችው። ስታበጥርና ስታሰልቅ የሚወድቀውን ግርድና የሙቀጫ ጥራጊ በአንድ ቅል ማጠራቀም ጀመረች። ነሐሴ ሲገባ ቅሉን አምጥታ ለአያቴ ሰጠቻቸው። ገብሱ ለልጆቹ ቀረ፣ ጥራጊው ለወፎቹ። ድንቢጦቹ ልዩነቱን አላወቁም። አያቴ ግን ያን ቀን ለረጅም ጊዜ ስቀው እንደነበር አስታውሳለሁ። ለካስ በእሷና በእሳቸው መካከል የነበረው ጠብ በአንድ ቅል የሚያልቅ ነበር።

ዘንድሮም ክረምት ነው። እናንተ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ብትሆኑም፣ ደብረ ታቦርም ብትሆኑ፣ ነፋስ መውጫም ብትሆኑ መሞከር ትችላላችሁ። እኔ በሙከራ የተማርኳትን ጥቂት ነገር ላካፍላችሁ። እፍኝ በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ አይጥ ይጠራል። ጥሬ እህል ስጡ። የሻገተ አትስጡ፤ ሻጋታ ወፍ ይገድላል። ጨውና በርበሬ የነካው ትራፊም ለእነሱ ምግብ አይደለም። ቦታውን በየጊዜው ጥረጉት፤ ኩስ ከምግብ ጋር ከተቀላቀለ በሽታ ይተላለፋል። በበጋ ደግሞ ከእህል ይልቅ በዝርግ ሳህን የተቀመጠ ንጹሕ ውኃ ይበልጥባቸዋል። ጉና ተራራ ላይ ወይም ሌላ ቦታ ጭላዳ ብታገኙ ግን ምንም አታቅምሱት። የሚኖረው በሣር ነው፤ የሰው እጅ ከለመደ ማሳ ይገባል፣ ከገበሬው ጋር ይጣላል፣ የሚጎዳውም እሱ ነው።

ስልካችሁንም አልከለክላችሁም። ድምፃቸውን ቅረጹ። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሰዎች የሠሩት ኢበርድ የሚባል መተግበሪያ አለ፤ ያያችሁትን ወፍ፣ ቀኑንና ቦታውን ትመዘግቡበታላችሁ። አገራችን ውስጥ ከ850 በላይ የወፍ ዝርያዎች አሉ። ብቻ መጀመሪያ እዩ፣ ከዚያ ስልካችሁን አውጡ።

መስከረም ሲጠባ ደግሞ አንድ ነገር ታያላችሁ። በዓመት አንድ ጊዜ የሚታይን ሰው የመስቀል ወፍ ሆንክ እንለው የለ? የመስቀል ወፍ ግን ከየትም አትመጣም። ወንዱ በበጋ እንደ ሴቷ ቡናማ ሆኖ ከድንቢጥ ጋር ተቀላቅሎ ይውላል። ዝናቡ ሲመጣ ላባውን ይለውጥና እንደየዝርያው ቀይ ወይም ቢጫ ከጥቁር ጋር ለብሶ ብቅ ይላል። ያኔ መጣ እንላለን። ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ነበር፤ ያላየነው እኛ ነን።

ለማየት ግን ዛፍ ያስፈልጋል። እኛ አገር ኮሶው፣ ወይራውና ጽዱ የቀረው በአብዛኛው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ነው፤ ሌላው ባሕር ዛፍ ሆኗል። ዶክተር አለማየሁ ዋሴ እነዚህን የደቡብ ጎንደር ደኖች ለዓመታት አጥንተዋል፤ በአንዳንዶቹ ዙሪያም ከብት እንዳይገባ የአገሬው ሰው የድንጋይ ካብ ሠርቷል። የወፎቹ ቤት እዚያ ነው። ድጓው በሚዜምበት ግቢ ውስጥ።

አያቴ ካረፉ ቆይተዋል። ባለፈው ዓመት ነሐሴ ወደ ቤት ሄጄ ነበር። ድንጋዩዋ አለች። እምዬ ዓይኗ ደክሟል፤ ግን ቅሉ አሁንም ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል። ጠዋት ጉሙ ሳይገፍ ጥራጊውን አፈሰስኩና ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። ድንቢጦች መጡ። ዋኖሶች መጡ። ዛፉ ላይ አንድ ትልቅ ቁራ ነበር፤ ያኛው ሊሆን አይችልም፣ ዘመኑ አይፈቅድም። እሱም አልወረደም።

ተነሥቼ ገባሁና በበሩ ስንጥቅ አየሁት። ወረደ።